የሰው ዕቃ ሲሰበር ማን ይክፈል?



የጽዳት ድርጅት ባለቤቶች፣ ተቆጣጣሪዎች፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ የመጣችሁ የጽዳት ሠራተኞች፣ እንዲሁም አገልግሎቱን የምትገዙ ደንበኞች፣ 

የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ደውለው «ስለ ጽዳት ሥራና ስለ ሕግ ቢናገሩልን» አሉኝ። ርዕሱ ሰፊ ነው። ንግድ ፈቃድ አለ፣ ግብር አለ፣ ጡረታ አለ። ሁሉንም በአንድ ጠዋት ብንነካካው ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንዱንም ይዘን አንወጣም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ መርጬ መጥቻለሁ። ልታጸዳ የተላከች ሠራተኛ የደንበኛውን ዕቃ ሳታስበው ሰበረች፣ ወይም አበላሸች። ማን ይክፈል? ስንት ይክፈል? ለባለቤቱስ እንዴት ይነገር?

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። በጥብቅና ሥራዬ የማያቸው የጽዳት ድርጅቶችና የደንበኞቻቸው ጠቦች ግን ብዙውን ጊዜ መነሻቸው ይኸው ነው። «ክፍያው ዘገየ» የሚለው ክርክር በስልክ ያልቃል። «ዕቃዬን ሰብረው ዝም ብለው ሄዱ» የሚለው ግን ሰው ያስመርራል፣ ጎረቤት ይሰማዋል፣ በኮንዶሚኒየሙ የቴሌግራም ግሩፕ ይዞራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እያሰላችሁ እንድትሰሙኝ። ዕቃ በመሰበሩ ብቻ የተዘጋ ድርጅት አላየሁም። የተደበቀ ስብራት ግን ደንበኛ ሲያሳጣ፣ የሠራተኛ ስም ሲያጠፋ አይቻለሁ። ስብራት የሚደበቀው ደግሞ ሠራተኛዋ «ከደሞዜ ይቆረጣል» ብላ ስለምትፈራ ነው። ስለዚህ ከፋዩ ድርጅቱ መሆን አለበት እላለሁ። ይህን ነው ዛሬ ላሳምናችሁ የምሞክረው።

አንደኛው ነጥቤ፣ ለመሆኑ የሚበላሸው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ስለ ስብራት ሲነሳ የሁላችንም ዓይን ወደ ብፌው ይሄዳል። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ፣ የሠርግ ስጦታ ሲኒ፣ ከላዩ የልጆቹ የምረቃ ፎቶ። እውነት ነው፣ እዚያ ይሰበራል። ጀበናም አንገቱ ይቀነጠሳል። ነገር ግን ሲኒ የሰበረች ሠራተኛ ምን እንደ ሰበረች ታውቃለች፤ መርካቶ ወጥቶ ዋጋውን መጠየቅም አያስቸግርም። ከባዱ ኪሳራ የሚመጣው ድምፅ ከሌለው ጉዳት ነው። በጠርሙስና በጀሪካን ይዛችሁት ከምትገቡት ፈሳሽ።

አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ሳሎን መሐል የእምነበረድ ጠረጴዛ አለ። ቡና ፈስሶበት ክብ ምልክት ቀርቷል። ሠራተኛዋ ታታሪ ናት፤ የጠቆረ ድስት በአቼቶ ስታነጣ ያደገች ናት። አቼቶ አፈሰሰችበት፣ ጥቂት ቆይታ ወለወለችው። የቡናው ምልክት ለቀቀ። ሲደርቅ ግን እዚያው ቦታ ላይ የደበዘዘ፣ ብርሃን የማይመልስ ክብ ብቅ አለ። ቆሻሻ መሰላት። አቼቶ ጨመረች፣ በስፖንጁ ሻካራ ፊት ፈተገችው። ክቡ ሰፋ። ምን ሆነ? እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። አቼቶም አሲድ ነው፣ ሎሚም አሲድ ነው። ያ የደበዘዘ ክብ የተበላ ድንጋይ ነው፤ የዓለም ሳሙና ቢፈስበት አይለቅም። የሚመልሰው ባለሙያ በማሽን ሲያሸው ብቻ ነው። ግራናይት ቢሆን ኖሮ በአቼቶ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር። ችግሩ ሁለቱን ድንጋዮች በዓይኑ የሚለይ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ «ግራናይት ነው» ብሎ እምነበረድ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ነገር በትልቁ የሚታየው አዲስ የተጠናቀቀ ቤት ሲጸዳ ነው። ሴራሚክ ነጣፊው ሲሚንቶ አንጠባጥቦ ይሄዳል፤ እናንተ አሲድ ይዛችሁ ትገባላችሁ። በገበያ አሲድ የሚባለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሲሚንቶውን ይበላዋል፣ ሴራሚኩን ብዙም አይነካም፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ሲሚንቶ የሚበላ ነገር ግን በሴራሚኩ መሐል ያለውን ፉጋም ይበላል። ጭሱም ተነስቶ አዲሱን የቧንቧ ራስና የበር እጀታ ያጠቁራል። ባለቤቱ ቁልፍ ሲረከብ ወለሉ ያበራል፣ ቧንቧው ዝጓል። በነገራችን ላይ አሲድና በረኪና አንድ ባልዲ ውስጥ ከተገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ያን ጊዜ ስለ ዕቃ መነጋገራችን ይቀርና ስለ ሰው ሳንባ እንነጋገራለን። ይህን ለሠራተኞቻችሁ ያልነገራችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ንገሯቸው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ፓርኬ ውሃ በሚንጠባጠብ መወልወያ ሲጠረግ ያብጣል። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በመስታወት ማጽጃ ሲታሸ የስክሪኑ ልባድ ይጎዳል፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ሶፋ ከመጠን በላይ ውሃ ከጠጣ ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። በቀለም የተነከረ መሶብ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቀይና አረንጓዴው ይቀላቀላል። ጥቁር መጋረጃ ላይ የወደቀች የበረኪና ጠብታ ደግሞ የምትታየው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት «አላወቅኩም ነበር» የሚለው መልስ የት እንደሚያደርሰን ለማየት ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ሕጉ እንግባ። አትፍሩ፣ አላረዝመውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ እስከ ዛሬም የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። ጥፋት ለመባል ሆን ብሎ ማድረግ አያስፈልግም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። አንቀጽ 2031 ደግሞ በአንድ ሙያ የተሰማራ ሰው የዚያን ሙያ ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። ጎረቤቴ ልትረዳኝ መጥታ አቼቶ ብታፈስ አንድ ነገር ነው። «ሙያዬ ጽዳት ነው» ብሎ ደረሰኝ የቆረጠ ድርጅት እምነበረድን በአቼቶ ቢያጸዳ ግን ዳኛው «ይህን እንዴት አታውቅም?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ቀጥሎ አንቀጽ 2130 አለ። ሠራተኛ ሥራውን ሲሠራ ባጠፋው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ደንበኛው ውል የገባው ከድርጅቱ ጋር ነው፤ ገንዘቡንም የተቀበለው ድርጅቱ ነው። እንግዲህ ደንበኛ ሲደውልላችሁ «እሷን ያነጋግሯት፣ ስልኳን ልስጥዎት» ብላችሁ የምትመልሱ ካላችሁ፣ ይህ በሕግም አያዋጣም፣ በንግድም አያዋጣም። አንዳንዶቻችሁ በደረሰኛችሁ ጀርባ «ለሚሰበር ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል መስመር እንዳሳተማችሁ አውቃለሁ። ሠራተኛችሁ በቸልተኝነት ባጠፋችው ላይ በዚህች መስመር ብዙ አትተማመኑ። ደንበኛውን ታስፈራራ ይሆናል፤ ዳኛን ግን አታስፈራራም።

ይህ ማለት ግን በዚያ ቤት የተሰበረ ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው ማለት አይደለም። ሥዕሉ የተንጠለጠለበት ምስማር ከዱሮም ላልቶ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው አቧራውን በቀስታ ስታራግፍ ወድቆ መስታወቱ ቢሰበር፣ ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው? የብፌው መደርደሪያ ማረፊያው ተነቅሎ በወረቀት ተደግፎ ከነበረስ? እዚህ ላይ ተከራከሩ፤ መብታችሁ ነው። ለመከራከር ግን ከመነካቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ድርጅቱ ለደንበኛው ከፈለ እንበል። ያንን ገንዘብ ከሠራተኛዋ ደሞዝ መቁረጥ ይችላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 የሚለው እንዲህ ነው። አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደሞዝ መቀነስ አይችልም። ሲቀነስም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ሲሶ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ «ብርጭቆ ሰበርሽ» ብሎ የወሩን ደሞዝ እንዳለ ያስቀረ አለ ወይ ብዬ እጅ አላስወጣም። ካለ ግን ሕግ ጥሷል።

«እኔ አስፈርሜያታለሁ፣ ሲሶም አላለፍኩም» የምትል አለህ። እሺ፣ ሕጉን አልጣስክም። ግን ምን ገዛህበት? እስቲ ከሠራተኛዋ በኩል እንየው። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ናት። ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ። የሰማ የለም። ብትናገር የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጎድላል፤ ባትናገር ምናልባት ማንም አያይም። ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በፌስታል አድርጋ፣ ከቆሻሻው ጋር ታወጣዋለች። የቀሩትን ብርጭቆዎች ትንሽ ትንሽ ታራርቃቸዋለች። በእሷ ቦታ የቆመ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናንተ ፍረዱ።

ወራት ያልፋሉ። የፋሲካ ዋዜማ ላይ እትዬ ብፌውን ከፍተው ብርጭቆ ሲያወጡ 12 የነበረው 11 ሆኗል። ስብርባሪ የለም፣ የነገራቸው የለም። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስበው «ተሰበረ» ብሎ ነው? አይደለም። «ተወሰደ» ነው የሚለው። ከዚያማ የጠፋው የወርቅ ጉትቻም፣ ያልተገኘው የቻርጀር ገመድም የሷ ይሆናል። የአንድ ብርጭቆ ዋጋ ለማስመለስ በቅጥር ውሉ የተጻፈችው መስመር ንጹሕ ሠራተኛን ሌባ አሰኝታ፣ ደንበኛን አባርራ፣ ድርጅቱን በሰፈሩ አስወርታ አረፈች። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

እዚህ ላይ ስለ ተያዥም አንድ ነገር ልበል። ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንጠይቃለን፤ የኖረ ልማዳችን ነው። ተያዡም «ለምታጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብሎ ይፈርማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ግን ዋስትና የገንዘቡ ከፍተኛ መጠን ተለይቶ ካልተጻፈበት አይጸናም። መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን የተያዥ ወረቀት ዛሬ አውጥታችሁ እዩት፤ የብር መጠን የሌለበት ከሆነ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። መጠን ቢኖረውስ? ተያዥ የምናበጀው በዋናነት ሠራተኛዋ ይዛ እንዳትጠፋ ነው። ለተሰበረ ሲኒ ተያዥ መጥራት፣ ዘመድን ከዘመድ ማጣላት ነው።

ከደንበኞች መካከል ቤታቸው በቋሚነት የምትሠራ ሠራተኛ ያለቻቸው እንዳሉ አያለሁ። የእነሱ ጉዳይ ለየት ይላል። አዋጁ በግለሰብ ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ የሲሶውን ደንብ በእናንተ ላይ በቀጥታ አልጠቅስም። ሰብረሻል ተብላ ደሞዟ የተያዘባት ልጅ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የምታደርገው ያው ከላይ የነገርኳችሁን ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ስንት ይከፈል?

ሕጉ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 2091። ሲነገር ቀላል ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተገዛ ቴሌቪዥን ሲሰበር ግን ጉዳቱ ስንት ነው? ባለቤቱ «አዲስ ግዙልኝ» ይላል። ድርጅቱ «ያገለገለ ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። አምስት ዓመት ያገለገለ ቴሌቪዥን አዲስ አይደለም። በተገዛበት ደረሰኝ ዋጋ መካስም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደ ደረሰ ለእናንተ አልነግርም፤ የምታስገቡት ቫኪዩምና የምትገዙት ኬሚካል ነግሯችኋል። በአሮጌው ደረሰኝ ገንዘብ ዛሬ ግማሹም አይገዛም። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ መነሻው የዛሬ የገበያ ዋጋ ይሁን፤ ከዚያ ላይ ለአገልግሎቱ ዘመን ተመጣጣኝ ይቀነስ። ያገለገለ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ካለም እሱን መጠየቅ ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘብ አትቁጠሩ። የሚጠገን ይጠገን። የፍሪጅ መደርደሪያ፣ የምድጃ መስታወት፣ የቁምሳጥን ማጠፊያ ሲሰበር ምን አለሽ ተራ ሄዶ የሚፈልግ ትጉ ተቆጣጣሪ ካላችሁ ብዙ ብር ያተርፍላችኋል። የጠረጴዛ መስታወት ሰፈር ያለ መስታወት ቆራጭ በልኩ ይቆርጠዋል። የእምነበረዱን ክብ አሺው ይመልሰዋል። ደንበኛው የሚፈልገው ዕቃው እንደነበረ ሆኖ ማየት ነው፤ እናንተ ሮጣችሁ ስታስተካክሉ ያየ ሰው ከገንዘቡ በላይ ያስታውሳችኋል።

አንዱ ከስድስት ሲሰበር ስድስቱን እንተካ ወይ? ሲኒ ከሆነ አንዱን መርካቶ ታገኙታላችሁ፤ ዓይነቱ ከጠፋ ግን ደንበኛዋ ለእንግዳ አምስት ተመሳሳይና አንድ የተለየ ሲኒ ታቅርብ ማለት ይከብዳል። እኔ ብሆን ስድስቱን እገዛለሁ። ዋጋው ከጠቡ ያንሳል።

ከባዱ ደግሞ ገበያ የሌለው ዕቃ ነው። የሞተች እናት ጀበና። በሕይወት የሌለ አባት ብቸኛ ፎቶግራፍ። ከአያት የወረደ የብራና ዳዊት። ይህን በገንዘብ የሚመልስ የለም፤ ሕጉም ብዙ አይረዳም። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት በደንብ ለማስጸዳት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ዕቃ መፍትሔው ከካሣ በፊት ነው፤ እንዳይነካ ማድረግ። ደንበኞች፣ እዚህ ላይ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ሠራተኛ ሳይመጣ ዳዊቱንና ፎቶውን አንስታችሁ ቆልፉበት። «ይህን አትንኩ» ብሎ መናገር አያሳፍርም፤ ስድብም አይደለም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፣ ድርጅት ምን ዓይነት አሠራር ይዘርጋ? የሚለው ነው። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ነውና።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተቆጣጣሪው ከደንበኛው ጋር ቤቱን ይዙር። አስር ደቂቃ ይበቃል። የተሰነጠቀውን፣ የላላውን፣ የተፋቀውን በስልክ ፎቶ ያንሳ፤ እዚያው ለደንበኛው በቴሌግራም ይላከው። ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ ሶፋው በምን ታጥቦ እንደሚያውቅ ይጠይቅ። በዚህ አሠራር ስንጥቁ ከዱሮ የነበረ መሆኑ ይታወቃል፤ ደንበኛውም እንደምትጠነቀቁ ያያል። ቅድም «እመለስበታለሁ» ያልኩት የላላ ምስማር ማስረጃው ይኸው ነው።

ከተሰበረስ? መጀመሪያ የሚጠየቀው የሠራተኛዋ እጅ ነው። ተቆረጠች ወይ? ደማች ወይ? ይህ ደግነት ብቻ አይደለም። ሠራተኛ በሥራ ላይ ለሚደርስባት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ አዋጁ እንደዚያ ይላል። ከዚያ ስብርባሪው አይጣል። በካርቶን ተሰብስቦ ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሳ። የፈሰሰ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ «ላስተካክለው» ብላ ሌላ ኬሚካል እንዳትጨምርበት። እጇን ታንሳ፣ ለተቆጣጣሪዋ ትደውል። የእምነበረዱ ክብ የሰፋው በሁለተኛው አቼቶ ነው።

ለደንበኛው የሚደውለው ተቆጣጣሪው ይሁን እንጂ እሷ አትሁን። እሷ ደንግጣለች፤ ታለቅሳለች ወይ ነገሩን ታሳንሳለች። ተቆጣጣሪውም «ትንሽ ነካ አድርጋዋለች መሰለኝ» እያለ አያድበስብስ። እንዲህ ይበል፤ «እትዬ፣ ከጽዳት ድርጅቱ ነው የምደውልልዎት። ዛሬ ሳሎኑ ሲጸዳ የጎን ጠረጴዛዎ መስታወት ተሰብሯል። ሠራተኛዋ ደህና ናት። ስብርባሪውን ሰብስበን አስቀምጠናል፣ ፎቶውንም ልኬልዎታለሁ። ወጪው የእኛ ነው። ነገ መስታወት ቆራጭ ይዤ መጥቼ ልለካው?» ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ከአስር ዘጠኙ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ውይ፣ ልጅቷ ደህና ናት? ዕቃ ይተካል!» ነው የሚለው። ያው ሰው በሦስተኛው ቀን ራሱ ቢያገኘው ኖሮ ምን እንደሚልም ታውቃላችሁ።

ከዚያ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ተሰበረ፣ በምን ተተካ ወይም ስንት ተከፈለ፣ ሌላ ጥያቄ የለም ወይ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ መዝገብ ይኖረዋል። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት እስከ ሁለት ዓመት ሊቀርብ ይችላልና ወረቀቱን አትጣሉት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለትንንሹ ስብራት ከእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት እየቀነሳችሁ ለብቻው አስቀምጡ። በዋጋችሁ ውስጥ አስቡት፤ የሳሙናና የትራንስፖርት ወጪ እንደምታስቡት ሁሉ ስብራትም የዚህ ሥራ ወጪ ነው። ለትልቁ መድን ግቡ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም፣ የግል መድን ድርጅቶችም የሕዝብ ኃላፊነት መድን የሚባል ሽፋን ይሸጣሉ፤ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። ከመኪናው ሦስተኛ ወገን ጋር አታምታቱት። ግን ውሉን አንብቡት! የዚህ ዓይነት መድን ብዙውን ጊዜ በእጃችሁ ያለን ወይም እየሠራችሁበት ያለን ዕቃ አይሸፍንም። ቫኪዩም ስትጎትት ቴሌቪዥን ብትጥል ይሸፈን ይሆናል፤ ስታጸዳው የነበረው እምነበረድ ግን ከሽፋኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት «ስናጸዳው የተበላሸውስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከእያንዳንዱ ጉዳት በራሳችሁ የምትሸፍኑት ተቀናሽ ስንት እንደሆነም ጠይቁ፤ ብርጭቆ በመድን አይተካም።

ለማነጻጸር ያህል የሌላ አገር ልምድ ላንሳ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የጽዳት ድርጅት ያላቸው፣ በጽዳት የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው «ቦንድም ኢንሹራንስም አለን» ይላሉ። ደንበኛ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ቦንዱ ሠራተኛ ብትሰርቅ ነው፤ ከእኛ ተያዥ ጋር ይቀራረባል። ስብራት የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። ዋናው ግን ይኸውላችሁ፤ በዲሲ ደንብ አሠሪ ለተሰበረ ዕቃ ከሠራተኛ ደሞዝ እንዳይቆርጥ ተከልክሏል። የንግድን ትርፍ የሚወስደው ባለቤቱ ስለሆነ ስብራቱንም እሱ ይውሰድ የሚል አስተሳሰብ ነው። እኛ ሲሶውን ፈቅደናል። እኔ የዲሲው ይሻላል ባይ ነኝ።

«እንግዲያው ሠራተኛው ግድ የለሽ ይሆናል» የሚል ሥጋት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደጋግማ የምትሰብር አለች፤ አሠልጥኗት፣ ከብፌ ወደ ወለል ቀይሯት፣ ካልሆነም በአዋጁ ሥርዓት ማስጠንቀቂያ ስጡ። የምትቀጡበትን ነገር ግን ለዩ። ሰብራ የነገረችን አትቅጡ። ሰብራ የደበቀችን ቅጡ። ይህን ልዩነት ሠራተኞቻችሁ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት፤ በሥራ ደንባችሁም ይጻፍ።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የቅጥር ውላችሁን አውጡና «ለሰበረችው ዕቃ ከደሞዟ ይቆረጣል» የምትለዋን መስመር ሰርዟት። በምትኩ «የተሰበረን ዕቃ በዚያው ሰዓት ያሳወቀ ሠራተኛ አይከፍልም» ብላችሁ ጻፉና ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ አንብቡላቸው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እህቶች ልጀምር።